ውሃው የት ሄደ? የሞተርን ማቀዝቀዣ በገዛ እጅ ስለመጠገን የተዘጋጀ ምልልስ

ይህ ምልልስ የአንድን ተሽከርካሪ የሞተር ማቀዝቀዣ ባለቤቱ ራሱ በቤቱ ግቢ ውስጥ ሊጠግን የሚችልበትን መጠንና ሊያልፈው የማይገባውን ድንበር የሚመረምር ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ስለ ሞተር ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ መምህር፣ ሁለተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ኮሮላ የሚያሽከረክርና መፍቻና ካቻቢቴ ለማንሣት የማይሰንፍ ወጣት ባለመኪና ነው። ንግግሩ የሚጀምረው ከውሃ ቢሆንም፣ በተለይ ለደጋ አገር ሾፌር የነገሩ ቁልፍ ያለው በውሃው ብዛት ላይ ሳይሆን ውሃው ባለበት ግፊት ላይ ነው።

ባለመኪናው፦ መምህር፣ በዚህ ከተማ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከሻንጣው ውስጥ ሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ የማያጣ ሲሆን፣ ጠዋት ኮፈን ከፍቶ ራዲያተሩን መሙላትም ፊት እንደ መታጠብ ያለ የዕለት ልማድ ሆኗል፤ ይህ ልማድ ከጥገና ሊቆጠር ይችላል?

መምህሩ፦ አይቆጠርም። የማቀዝቀዣው ሥርዓት የተዘጋ ሥርዓት ነው፤ የተዘጋ መባሉም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩም ተመልሶ ወደ ሞተሩ እየዞረ ሙቀትን ይሸከማል እንጂ እርሱ ራሱ ስለማይበላ ነው። ነዳጅ ይቃጠላል፣ የሞተር ዘይትም በጥቂቱ ሊቃጠል ይችላል፤ ውሃ ግን ሊጎድል የሚችለው ከሥርዓቱ ወጥቶ ከሆነ ብቻ ነው። በየጠዋቱ አንድ ሊትር የሚጠጣ መኪና በየቀኑ አንድ ሊትር የሚያፈስ መኪና በመሆኑ፣ ባለቤቱ መጠየቅ ያለበት «ስንት ይጨመር?» ብሎ ሳይሆን «የት ሄደ?» ብሎ ነው። አንድ ጠብታ የሚሊ ሊትር አንድ ሃያኛ ገደማ መሆኑን ይዞ ለሚያሰላ ሰው፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ስንጥቅ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በሃያ አራት ሰዓት ደግሞ ከ4 ሊትር በላይ ያወጣል፤ የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ማቀዝቀዣ በጠቅላላው የሚይዘው ከ5 እስከ 6 ሊትር ገደማ ነው።

ባለመኪናው፦ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ግን በእርግጥ ውሃ ይጠጡ እንደነበር ይነገራል።

መምህሩ፦ ትክክል ነው፤ እነርሱ የተሠሩት እንዲጠጡ ተደርገው ነበር። ካርል ቤንዝ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1886 ያስመዘገበው ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ የሚቀዘቅዘው ውሃው በመትነኑ ስለነበር፣ ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ በ1888 ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ በየመንገዱ እየቆሙ ውሃ ይቀዱ ነበር። ያንን ዘመን የዘጋው በ1901 በተሠራው የመርሴዲስ መኪና ላይ የታየው፣ ቪልሄልም ማይባኽ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የሞላ አድርጎ የነደፈው ራዲያተር ነው። ዛሬ በየጠዋቱ ጀሪካን የሚያነሣ ሾፌር፣ መኪናው የትኛውም ዓመተ ምሕረት ስሪት ይሁን፣ ሞተሩን ወደ ቤርታ ቤንዝ ዘመን መልሶታል።

ባለመኪናው፦ ነዳጅ የሚቃጠለው መኪናን ለማንቀሳቀስ ከሆነ፣ ይህን ያህል መሸከሚያ የሚያስፈልገው ሙቀት ከየት ይመጣል?

መምህሩ፦ ነዳጅ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ጉልበት ጎማ ላይ የሚደርሰው ትንሹ ክፍል ነው። በጥቅሉ ሲታይ አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ሌላው አንድ ሦስተኛ ገደማ ደግሞ ወደ ሲሊንደሮቹ ግድግዳና ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ ከድኖ ቫልቮቹን ወደያዘው ክፍል ይገባል። ይህ ሁለተኛው ሙቀት ወዲያው ካልተነሣ ብረቱን ስለሚያጣምመው፣ በብሎኩና በቴስታታው ውስጥ በተበጁት መተላለፊያዎች ውሃ ይዞራል፤ የሚያዞረው በቺንጋ የሚነዳው የውሃ ፓምፕ ነው፣ ሙቀቱን ለነፋስ የሚያስረክበው በቀጫጭን ቱቦዎችና በክንፎች የተሞላው ራዲያተር ነው፣ ነፋሱን መኪናው በቆመ ጊዜ የሚስበው ቬንትሌተሩ ነው፣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ መቼ እንደሚሄድ የሚወስነው ደግሞ ቴርሞስታት የሚባለው በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። ከሁሉ የሚረክሰውና በዚህ አገር ከሁሉ የሚናቀው ዕቃ ግን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ምልልሱም ከእርሱ ቢጀምር ይሻላል።

ባለመኪናው፦ ክዳን ውሃው እንዳይረጭ ከመክደን ያለፈ ምን ሥራ አለው?

መምህሩ፦ ክዳን የግፊት በር ነው። በውስጡ በሽቦ ሞላ የተያዘ የላስቲክ መዝጊያ አለ፤ ውሃው ሞቆ ሲሰፋ መዝጊያው ስለማይለቀው በሥርዓቱ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ብቻ መዝጊያው ተነሥቶ ትርፉን ወደ ጎን ፕላስቲክ መያዣ ይለቃል፤ ሞተሩ ሲበርድም በመሐሉ ያለችው ሌላ ትንሽ በር ተከፍታ የወጣውን ውሃ መልሳ ታስገባለች። በብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታትሞ የሚታይ ሲሆን፣ ይህም መዝጊያው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚችለው ኪሎ ግራም ነው፤ 0.9 ማለት ከውጭው አየር በላይ 88 ኪሎ ፓስካል እንደ ማለት ነው። ግፊት የሚፈለግበትም ምክንያት ውሃ በተጫነው መጠን ለመፍላት ስለሚዘገይ ነው፤ ምግብ በግፊት ድስት ቶሎ የሚበስለውም በዚሁ ሕግ ነው።

ባለመኪናው፦ ይህ ሕግ ግን በየትም አገር አንድ አይደለም እንዴ? ለአዲስ አበባ ሾፌር ለብቻው የሚነገርበት ምክንያት ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ሕጉ አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን አንድ አይደለም፤ ጥፋቱም የሚመጣው ቁጥሩ ሲዘነጋ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ ግን የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፣ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ በአብዛኛው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። እንግዲህ በዚህ ከተማ ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀትና ያልታፈነ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ላይ ወደቁ ማለት ነው። 0.9 ክዳን በደህና ሲዘጋ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ስለሚያደርሰው ከ20 ዲግሪ የማያንስ መጠባበቂያ ይገኛል፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ያንን መጠባበቂያ በሙሉ ያጠፋዋል፣ ሞተሩም ምንም ሌላ ሕመም ሳይኖርበት ይፈላል። በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ወደብ ተበላሽቶ ብዙም የማይታወቅ ክዳን አዲስ አበባ ላይ የሚያጋልጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ሳይመረምሩ ራዲያተር ያስለወጡ ባለመኪኖች ጥቂት አይደሉም።

ባለመኪናው፦ እንግዲያው ከ0.9 ይልቅ 1.1 የተጻፈበትን ገዝቶ መጠባበቂያውን ማስፋት አይሻልም?

መምህሩ፦ አይሻልም፤ ይህ ጥያቄ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ በሚመረጥበት ጊዜ ሁሉ ስለሚነሣ መልሱ መታወቅ አለበት። አሮጌ ራዲያተር፣ የደከመ የጎማ ቱቦና የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር የተሠሩት ለተወሰነ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲጨመር ከሁሉ የደከመው ቀድሞ ይፈነዳል፣ እርሱም ብዙውን ጊዜ ራስጌው ላይ ያለው የፕላስቲክ ታንከር ነው። አምራቹ የጻፈውን ቁጥር መከተል ይገባል። ክዳኑ ሲገዛ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የመዝጊያው ቁመትም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን መለካት አለበት፤ አንገቱ አጭር የሆነ ክዳን የራዲያተሩን አፍ በደንብ የገጠመ መስሎ ሳለ ወደ ውስጥ ወርዶ መዝጊያው ቦታ ላይ ሳይደርስ ይቀራልና።

ባለመኪናው፦ የፈላ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ሾፌሩ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲፈታ ማየት የተለመደ ነው፤ በጨርቅ መያዙ ያድነዋል?

መምህሩ፦ ጨርቁ የሚያድነው ጣቱን እንጂ ፊቱን አይደለም። በ114 ዲግሪ ታፍኖ የተያዘ 6 ሊትር ውሃ ክዳኑ በድንገት ሲከፈትለት በአዲስ አበባ አየር ላይ ከ92 ዲግሪ በላይ ውሃ ሆኖ መቆየት ስለማይችል፣ ትርፉ ሙቀት ሩብ ሊትር ያህሉን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ ያች ሩብ ሊትር በዚህ ከፍታ ከ500 ሊትር የማያንስ እንፋሎት ትሆናለች፣ የቀረውንም የፈላ ውሃ ይዛ የምትወጣው በአንዲት ጠባብ አፍ ነው። የላይኛው የጎማ ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳና ለብ ያለ እስኪሆን ድረስ፣ ይህም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ክዳን አይነካም። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አይፈስም፤ በድንገት የሚኮማተር ብረት ይሰነጠቃልና። ይህን ያህል መጠበቅ የማይችል ሰው የማቀዝቀዣ ጥገናን ባይጀምር ይመረጣል።

ባለመኪናው፦ ክዳኑ ደህና ሆኖ ውሃው አሁንም ቢጎድል፣ መውጫው በምን ይታወቃል?

መምህሩ፦ መውጫው ብዙውን ጊዜ ምልክት ይተዋል፤ ችግሩ ሰው የሚፈልገው እርጥበትን ሲሆን ምልክቱ ግን ደረቅ መሆኑ ነው። በጋለ ብረት ላይ የወጣ ውሃ ወዲያው ተንኖ የሚቀረው ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ዝገት የመሰለ ቅርፊት ስለሆነ፣ ፍተሻው ሞተሩ በበረደበት ጠዋት በባትሪ መብራት ይደረጋል፤ ማታ ከመኪናው ሥር የተነጠፈ ካርቶንም የጠብታውን ቦታ ያሳያል። በመጀመሪያ የጎማ ቱቦዎቹ ጫፍ፣ ፋሼታ በሚባለው ማሰሪያ ቀለበት ሥር ይታያል፤ ቀጥሎ በራዲያተሩ ፕላስቲክና በአሉሚኒየሙ መገናኛ ላይ ያለው ስፌት፤ ከዚያም የውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ትታያለች። ይህች ቀዳዳ በስሕተት የተተወች አይደለችም፤ የፓምፑ ውስጠኛ መዝጊያ ሲያልቅ ውሃው የፓምፑን ዘንግ ወደሚሸከመው ኩሽኔታ ሳይገባ በእርሷ እንዲወጣ ሆን ተብላ የተበሳች መናገሪያ ናት፣ በማስቲሽ የሚደፍናት ሰውም የሚናገረውን አፍ ዘግቶ ኩሽኔታውን ይገድላል። በመጨረሻም ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ይዳሰሳል፤ እርጥብ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው የሚያፈሰው በዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ራዲያተር ነው።

ባለመኪናው፦ ከእነዚህ ውስጥ በቤት የሚሠራው የትኛው ነው?

መምህሩ፦ የጎማ ቱቦ መለወጥ ከሁሉ የቀለለ ነው። ቱቦው ሲጨበጥ እንደ ደረቅ ቆዳ የሚንኮሻኮሽ ወይም እንደ ሊጥ የሚሟሽሽ ከሆነ ዘመኑን ጨርሷል፤ አሮጌው ሲወጣ አልነሣ ካለ የአሉሚኒየሙን አፍንጫ በካቻቢቴ ከመፈልቀቅ ይልቅ ጎማውን በምላጭ በቁመቱ መቅደድ ይሻላል፣ ጎማው የሚጣል ሲሆን አፍንጫው ግን የሚቀር ነውና። አዲሱ ከመግባቱ በፊት አፍንጫው ላይ የተጋገረው ቅርፊት በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ራዲያተሩ ላይ ግን ልዩነት አለ፤ የድሮዎቹ የመዳብና የነሐስ ራዲያተሮች በቆርቆሮ ብየዳ የሚድኑ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ አሉሚኒየም ገላና ፕላስቲክ ራስ ያላቸው በመሆናቸው የተሰነጠቀ ፕላስቲክን በሙጫ መለጠፍ እስከ ጋራዥ ያደርስ እንደሆነ እንጂ ጥገና ሊባል አይችልም። ውሃው ውስጥ የሚጨመሩ የቀዳዳ መድፈኛዎችም፣ በሱቅ የሚሸጡት ሆኑ በሰፊው የሚታወቁት ጥሬ እንቁላልና የተፈጨ ቅመም፣ ቀዳዳውን የሚደፍኑት ቀዳዳ መሆኑን አውቀው ባለመሆኑ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች አብረው ይደፍናሉ። በረሃ ላይ ለቆመ ሰው ይፈቀድ ይሆናል፤ በግቢው ላለ ሰው አይፈቀድም።

ባለመኪናው፦ ስለ ቴርሞስታት ደግሞ በየጋራዡ አንድ ዓይነት ምክር ይሰማል፤ «የሙቀት አገር ስለሆነ አያስፈልግም፣ ይውጣ» ይባላል። ይህ ምክር መሠረት አለው?

መምህሩ፦ የለውም፤ ይሁን እንጂ ምክሩ እንዴት እንደተወለደ መረዳት ይገባል። ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ሞተርን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያፈላ፣ ሲወጣ ፍላቱ ይቆማል፤ ያንን ያየ ሰው በሽታው ቴርሞስታት የሚባለው ዕቃ ነው ብሎ ደመደመ፣ በእርግጥ ግን በሽታው ያ አንዱ የተበላሸ ዕቃ ነበር። ቴርሞስታት በውስጡ ሰም የታጨቀበት ትንሽ ሲሊንደር ያለው ሲሆን፣ ሰሙ በተወሰነ ሙቀት ሲቀልጥና ሲሰፋ በሩን ይገፋል፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች 82 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ይጀምርና 95 ላይ በሰፊው ይከፈታል። ዕቃው ሲወጣ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥም ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩም ፈጥኖ ያልቃል። ከዚህ የከፋ ነገርም አለ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሰሌዳ ያለው ሆኖ፣ የላይኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት የታችኛው ውሃው ራዲያተርን ሳይነካ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። እንዲህ ካለው ሞተር ላይ ቴርሞስታት ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር፣ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ እንዳይሞቅ ተብሎ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ራሱ ያሞቀዋል።

ባለመኪናው፦ የወጣው ቴርሞስታት ደህና መሆኑን ለማወቅ በፈላ ውሃ ውስጥ መክተት በቂ ነው ይባላል።

መምህሩ፦ ፈተናው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አሁንም ከፍታው መዘንጋት የለበትም። በሩ ላይ ክር አስገብቶ ድስት ውስጥ በማንጠልጠል ከቴርሞሜትር ጋር ቢሞቅ፣ በሩ ከክሩ የሚለቅበት ቅጽበት ዕቃው መከፈት የጀመረበትን ሙቀት ይናገራል፤ ዕቃው የድስቱን ታች መንካት የለበትም። የውጭ አገር የጥገና መጽሐፍ ግን «95 ዲግሪ ላይ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተከፈተ ይጣል» ሲል፣ አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 95 ዲግሪ ከቶ እንደማይደርስ አላሰበም። መጽሐፉን ቃል በቃል የሚከተል የደጋ ሰው ደህና ቴርሞስታት ሊጥል ይችላል። እዚህ የሚሻለው ፈተና ሁለት ነገር ማየት ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሩ ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ መግጠሙንና በተጻፈለት ሙቀት አካባቢ መከፈት መጀመሩን። ከተቻለም አዲስ ዕቃ በዚያው ድስት ውስጥ አብሮ ተንጠልጥሎ ይነጻጸራል።

ባለመኪናው፦ የራዲያተሩን ውሃ በተመለከተ፣ በረዶ በሌለበት አገር ስለ በረዶ መከላከያ ማውራት ትርፍ አይሆንም?

መምህሩ፦ ስሙ ነው ያሳሳተው። ብርዷ በሚበረታው በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ለሚኖር ባለመኪና፣ ኩላንት የሚባለው ይህ ፈሳሽ የሞት የሽረት ነገር ነው፤ ውሃ ሲረጋ በመጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ብሎኩን ይሰነጥቃል። ለአዲስ አበባ ግን ከኩላንት የሚፈለገው ሌላው ጠባዩ፣ ማለትም ዝገትን የሚከለክለውና የፓምፑን መዝጊያ የሚያለሰልሰው ቅመም ነው። በሙቀት መሸከም በኩል እንዲያውም ንጹሕ ውሃ ይበልጣል፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት በእኩል ክብደት ከውሃ አንድ ስድስተኛ ያህል ያነሰ ሙቀት ይይዛል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ጉዳቱ በውስጡ የሟሟው ማዕድን ነው፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተር ቱቦም ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ ኩላንቱ የሚቀላቀለው በተጣራ ውሃ ወይም፣ ይህ ከጠፋ፣ በንጹሕ ዕቃ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ቀለሙን አይቶ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ቀዩን ከቀይ መደባለቅም ዋስትና አይሆንም፤ ቀለም የአምራቹ ምርጫ እንጂ የቅመሙ ዓይነት ማረጋገጫ አይደለም።

ባለመኪናው፦ ውስጡ ዝጎ ቡና የመሰለ ውሃ የሚወጣውስ በምን ይታጠባል?

መምህሩ፦ አሮጌው ውሃ ሞተሩ በበረደ ጊዜ ወጥቶ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ከ50 ግራም ያልበለጠ ሲትሪክ አሲድ ተሟሙቶ ይገባል፤ ማሞቂያው ሙሉ ተከፍቶ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በሚኒሞ ከሠራ በኋላ ይፈስሳል፣ የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስም ደጋግሞ ይታጠባል። በረኪናና ኮስቲክ ሶዳ ግን በምንም ምክንያት መግባት የለባቸውም፤ ሁለቱም አሉሚኒየምን ይበላሉና ማጠቢያ የተባለው ነገር ራሱ ቀዳዳ ይከፍታል። ከሞተር የወጣ ኩላንት በየሜዳው አይደፋም፤ በውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ በመሆኑ ውሻም ሕፃንም ሊልሰው ይችላል፣ የቀመሰ ሰውም ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። እንደገና ሲሞላ ደግሞ አየር ይታሰራል፤ የታሰረ አየር በቴስታታው ውስጥ ውሃ ያልነካው ትኩስ ቦታ ስለሚፈጥር፣ መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ማሞቂያው እንደበራ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አረፋው እስኪያቆም ድረስ ቀስ እየተባለ ይሞላል። የተጠገነ መኪና በማግሥቱ ተመልሶ የሚፈላው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለተዘለለ ነው።

ባለመኪናው፦ ቬንትሌተሩና ቺንጋውስ?

መምህሩ፦ እነርሱ ቶሎ ይታያሉ። ቺንጋ ሲሰነጠቅ ወይም ሲላላ ይለወጣል ወይም ይወጠራል፤ በኤሌክትሪክ የሚዞር ቬንትሌተር መኪናው ቆሞ ሲሞቅ ካልተነሣ ፊውዙና የሙቀት ማብሪያው ይፈተሻሉ። ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሣ ስለሚችል፣ እጅ ከመግባቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ።

ባለመኪናው፦ ይህ ሁሉ የሚፈተንበት ቦታ የዓባይ በረሃ ይመስላል፤ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ብዙ ጊዜ የሚፈላው ከሸለቆው ሥር ካለው ድልድይ ሳይሆን ከአፋፉ አጠገብ የሚሆነው ለምንድን ነው?

መምህሩ፦ ይህ ጥያቄ እስካሁን የተባለውን ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ያሳያል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ መኪናው 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ የፍሬን ፈተና ነው፤ ዳገቱ ግን በዝግታ ማርሽ ሙሉ ጉልበት የሚያስወጣ በመሆኑ ሙቀቱ እያደገ ይሄዳል። በዚያው ልክ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ በ2,400 ሜትር ላይ አየር ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀል፣ ራዲያተሩን አልፎ የሚሄደው ነፋስ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። የመፍያው ነጥብም ከድልድዩ አጠገብ 97 ገደማ የነበረው አፋፉ ላይ 92 ይሆናል። ሞተሩ ከሁሉ ይበልጥ በሞቀበት ቦታ ውሃው ከሁሉ ቶሎ ይፈላል ማለት ነው፤ ሁለቱን የሚለያያቸው ያች ክዳን ብቻ ናት። ዳገቱ ላይ መርፌው ሲወጣ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ የተሳፋሪውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ይገባል፤ ማሞቂያው ሁለተኛ ራዲያተር ስለሆነ፣ ተሳፋሪው ቢያልበውም ሞተሩን ያድነዋል።

ባለመኪናው፦ አንዳንድ ጊዜ መርፌው ከፍ ብሎ ቆይቶ በራሱ ወደ ቀዝቃዛ ይመለሳል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው?

መምህሩ፦ ከሁሉ የከፋው ምልክት ሊሆን ይችላል። የሙቀት መለኪያው ልሳን የተሠራው በውሃ ውስጥ ጠልቆ እንዲለካ ሲሆን፣ ውሃው ካለቀ በባዶ ስለሚቀር ከሞተሩ ሙቀት ተለይቶ ዝቅተኛ ያሳያል። ከዳገት ላይ መርፌው በድንገት ቢወርድና ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ቢነፍስ፣ ሥርዓቱ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ነውና ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ።

ባለመኪናው፦ እንግዲህ የቤት ጥገና የሚያበቃው የት ላይ ነው?

መምህሩ፦ ቴስታታው ላይ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ በብረት ብሎክ ላይ የታሰረ የአሉሚኒየም ቴስታታ ከመጠን በላይ ሲግል መሄጃ አጥቶ ይጣመማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን የተባለው መዝጊያም ይቃጠላል። ምልክቶቹን ባለቤቱ ራሱ ሊያያቸው ይችላል፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በራዲያተሩ አፍ የማያቋርጥ አረፋ መውጣቱ፣ ሞተሩ ከተነሣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው መጠንከሩ፣ የጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ እንፋሎት መትፋቱ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ወተት ከመሰለ ነገር ጋር መውጣቱ። ቴስታታ ሲፈታ ግን ጠፍጣፋነቱ በሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍል ይለካል፣ ብሎኖቹም ከመሐል ወደ ዳር በተወሰነ ቅደም ተከተልና የጥብቀትን መጠን በሚለካ መፍቻ ይጠብቃሉ፤ በእጅ ስሜት የጠበቀ ቴስታታ በወሩ ተመልሶ ይፈላል። እዚህ ላይ ድፍረት ዋጋ የለውም፤ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል።

ባለመኪናው፦ የእኔ ኮሮላ ኮፈን እንደተከፈተ ነው፤ ሞተሩም በርዷል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 0.9 ነው፣ ላስቲኩ ግን ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ በመሐሉ ያለችው ትንሽ በርም በዝገት ተጣብቃ አልከፈት ብላለች።

መምህሩ፦ እንዲህ ከሆነ ዛሬ ሌላ ምንም አይፈታ። በቁጥርም በቁመትም እኩል የሆነ ክዳን ይገዛ፣ ውሃው እስከ አፉ ይሞላ፣ በጎን መያዣው ላይም የውሃው ከፍታ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት፤ ከዚያ ለሰባት ቀን በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሣ ምልክቱ ይታይ፣ የታየውም በወረቀት ይጻፍ። በስምንተኛው ቀን ከጎደለ ካርቶኑ ከመኪናው ሥር ይነጠፍ፤ ካልጎደለ ግን ሃይላንዶቹ ከሻንጣው ይውጡ።